ድምፁን ሳትሰሙ እንዳታምኑ

ከግሩፓችን አንድ ሰው በድንገት ከተወገደ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሰው ሞቷል ማለት ነበር። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ረስተውታል፤ ወይም የረሱ መስለው ይምሩኛል። እኔ ግን ረሳሁት ብል ውሸቴን ነው።

ግሩፑ ስልክ ላይ ያለ የእድር ግሩፕ ነው። ከአንድ አካባቢ መጥተን በጆሃንስበርግ ዙሪያ የተበተንን ሰዎች ነን፤ አንዱ አሌክሳንድራ፣ አንዱ ጻካኔ፣ እኔ ዳቬይተን። አብዛኞቻችን የምንሠራው ስፓዛ ነው። ስፓዛ ማለት ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆመን ዳቦ፣ ዘይት፣ ሲጋራና ኤርታይም፣ ማለትም የስልክ ካርድ፣ የምንሸጥበት የሰፈር ሱቅ ነው። ደንበኞቻችን ሁላችንንም «ማይ ፍሬንድ» ይሉናል። ስድስት ዓመት ዳቦ የገዙኝ ሰዎች ስሜን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም እውነቱን ለመናገር የእነሱን አልጠየቅኩም።

ከወረርሽኙ በፊት መርዶ የሚነገረው በሰው አፍ ነበር። አገር ቤት የአንዱ አባት ቢሞት ወሬው መጀመሪያ ወደ ሽማግሌዎች ይመጣል። እነሱ ዘመድ ጓደኛውን ይሰበስቡና ጎህ ሲቀድ ሱቁን ያንኳኳሉ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ፊት ሲያይ ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰምቶ እሱ ብቻ አልሰማም፤ እንዲሰማም አይደረግም። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሰው መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ ነው።

ሎክዳውን ሲመጣ መሰብሰብ ቀረ። በየመንገዱ ወታደርና ፖሊስ ቆመ። አንድ ወንድማችን የአባቱን ሞት ግሩፑ ላይ አነበበው፤ አንድ እጁ ስልክ፣ አንድ እጁ ስኳር እንደያዘ። ጩኸቱን የሰሙ ደንበኞች ዘረፋ መስሏቸው ሸሹ። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ብልሃት ያመጣሁት። የግሩፑ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ፣ መርዶ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የሟቹን ዘመዶች ከግሩፑ አወጣለሁ፤ ሟቹ እዚሁ የነበረ ከሆነም ስልኩ በዘመድ እጅ ስለሚገባ እሱንም አብሬ አወጣለሁ። ከዚያ እጽፋለሁ። ከዚያ ቅርብ ያሉ ሁለት ሰዎች ማስካቸውን አድርገው ሄደው ይነግራሉ። ለማንም ዘመድ ስልክ አይደወልም።

ሁሉም አመሰገነኝ። የጻካኔው ሊቀመንበራችን፣ ጢማቸው የሸበተ አባት፣ «አላህ ይጨምርልህ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አሉኝ። እኔም ልቤ አበጠ። የሁሉንም ስልክ የማስተካክል፣ የጠፋ ፎቶ የምመልስ፣ ጠባዬም ትንሽ ጉረኛ የሆነ ሰው ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ የምጽፈውን እንኳ መጠበቅ ተወ። እገሌ ተወገደ የሚለው መስመር ሲመጣ፣ ማን እንደሞተ ሳያውቅ «ኢና ሊላሂ» ይላል።

የጻካኔው ጓደኛዬ አብሮ አደጌ ነበር። አንድ መንደር ተወልደን፣ አንድ መንገድ ተጉዘን፣ እዚህ ስንደርስ እሱ ጻካኔ ሱቅ አገኘ፣ እኔ ዳቬይተን። ወንድም የለውም፣ እህት የለውም፤ አገር ቤት አንዲት እናት ነበሩት። በየማታው ይደውልላቸዋል። ምን እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ፤ ምንም ነው የሚያወሩት። ላሚቱ፣ ዝናቡ፣ የጎረቤት ጠብ። ለዚያ ምንም ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ይዘጋጅ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ኤርታይም እንሸጣለን ብያለሁ። ታዲያ እኛው ሻጮቹ ለዳታ እንሳሳ ነበር። ከራስ መደርደሪያ አንስቶ መጠቀም ካፒታል መብላት ነው ብለን፣ ነፃ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስንደርስ ስልካችንን አውጥተን እንደ ጠማው ሰው እንሆናለን። ቤኖኒ ከተማ ዕቃ ከምናወጣበት ጅምላ ሱቅ ደጃፍ፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን ተሰልፈን ነበር። ስልኬን ከፈትኩ። የሱቁን ስም የሚመስል፣ «ነፃ» የሚል ዋይፋይ አገኘሁ። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። ነካሁት፤ የሱቁ ዓርማ ያለበት ገጽ ተከፈተና ስልክ ቁጥርህን አስገባ አለኝ። አስገባሁ። በቴክስት ስድስት አሃዝ ተልኮልሃል፣ እሱን ጻፍ አለኝ።

ቴክስቱ መጣ። ከስድስቱ አሃዝ በታች ይህን ቁጥር ለማንም ሰው አትስጥ የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፤ አላነበብኩም ብዬ አልዋሽም። በልቤ ያልኩት ይህን ነው፦ እኔ ለሰው እየሰጠሁ አይደለም፣ ለዋይፋዩ ነው የምሰጠው። ስድስቱን አሃዝ ጻፍኩ። ዋይፋዩ ግን አልሠራም። ተራዬ ደረሰ፤ ዱቄቴን ጭኜ ተመለስኩ።

ሱቅ ስገባ ግሩፑ ያለበት መተግበሪያ ከነጭራሹ አስወጥቶኝ አገኘሁት። እንደ አዲስ ተመዝገብ ይላል። ሞከርኩ፤ ብዙ ጊዜ ስለተሞከረ ቆይተህ ሞክር አለኝ። ያን ጊዜ ሆዴ ነግሮኛል። በጻፍኳቸው ስድስት አሃዞች የሆነ ሰው በእኔ ቁጥር መተግበሪያው ውስጥ እንደገባ ሆዴ አውቆታል። ሊቀመንበራችንን በተራ ስልክ ደውዬ «ተሰርቄያለሁ፣ በእኔ ስም የሚመጣ ነገር እንዳታምኑ» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልደወልኩም። የስልክ ሊቅ ተብዬ በነፃ ዋይፋይ ተበላሁ ማለት አሳፈረኝ። ነገ ሳስተካክለው ማንም አያውቅም አልኩ። ይህ የሆነው ሐሙስ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ከእኔ ሁለት መንገድ ወዲያ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ መጣ። ፍርግርጉ ላይ ሁለት እጁን ጣል አድርጎ ቆመ። ማስኩ በእንባ ርሷል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«አላህ ጽናቱን ይስጥህ። ወንድምህ ነበር፣ እናውቃለን።»

«ማን?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «እንዴ፣ ትናንት የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

ስልኩን በፍርግርጉ መሐል አሳለፈልኝ። ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በእኔ ስም፣ ከእኔ ፎቶ ጎን፦ ጓደኛዬ ከግሩፑ ተወግዷል። ከሥሩ ተጽፏል፦ «ኢና ሊላሂ። የጻካኔው ወንድማችን ዛሬ ጠዋት በኮሮና ሆስፒታል ውስጥ ሞቷል። ሒሳቡ ካልተከፈለ ጀናዛውን አንለቅም ብለዋል። ጀናዛ አይቆይም፤ በዚህ ቁጥር ቶሎ ላኩ። እናቱ ስላልሰሙ ማንም እንዳይደውል።» ከዚያ በታች የሰዉ ዱዓ፣ «ልኬያለሁ»፣ «ልኬያለሁ»፣ «ልኬያለሁ»። በዚህ አገር ወደ ስልክ ቁጥር የተላከ ብር ካርድ ሳያስፈልገው ከየትኛውም ማሽን ላይ ይወጣል፤ የላኩት ሁሉ በዚያው ምሽት ተለቅሞ አልቋል።

ማንም ደውሎ አላጣራም። እንዴት ያጣራል? አታጣሩ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሌባው በር መስበር አላስፈለገውም፤ እኔ በሠራሁለት በር ገባ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ግን ማስወጣቱን ያውቃል፤ ጀናዛ እንደማይቆይ ያውቃል፤ የእኛን ቋንቋ እንደ እኛ ይጽፋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጅምላ ሱቅ ተሰልፌ የአገሬን ቋንቋ ከጀርባዬ ስሰማ ዞር ብዬ ፊቱን ሳላይ አላልፍም። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። አንዴ እንደጠራ አነሳው። ሃሎ አላለም። ሲተነፍስ እሰማለሁ።

«እናቴ ናት፣ አይደል?» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ትናንት አወጣኸኝ። ሱቁን ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሚመጣ ሰው ስጠብቅ ነው ያነጋሁት። ለምን ሰው አልላክህም? በስልክ ትነግረኛለህ?»

እሱ ዘመድ የለውም፤ ከእናቱ በቀር የሚሞትበት የለም። ከግሩፑ መውጣቱን ባየ ጊዜ ሌላ ምን ያስብ? ደውሎ እንዳያጣራ ደግሞ፣ መርዶ ደውለው አይጠይቁትም። ጎህ እስኪቀድ ለብሶ ተቀምጦ በሩን ሲያይ አደረ።

«እናትህ ደህና ናቸው» አልኩት። «የሞትከው አንተ ነህ።»

ሳቅኩ መሰለኝ። ጎረቤቴ ፍርግርጉን ይዞ እያየኝ ነበር፤ ያበድኩ መስሎታል። ጓደኛዬም ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ያው ነገር ትዝ አለን። እሱ እዚህ ዘመድ ስለሌለው፣ መርዶው የሚነገረው እዚያ አገር ቤት፣ ለእናቱ ነው።

ዘግይተን ነበር። ከግሩፑ ወሬው የደረሳቸው የመንደሩ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ደርሰዋል። ለእናቱ ነግረዋል። ድንኳን ተጥሏል፤ መስጂድ ውስጥ በቁሙ ላለ ሰው ሶላት ተሰግዷል። ልጅየው ደውሎ «እማ፣ እኔ ነኝ» ሲላቸው አላመኑም። ልጄን የሚመስል ድምፅ አምጥታችሁ አትጫወቱብኝ ብለው ስልኩን ወረወሩት። ደግሞ ደወለ። ልጅ ሳለ ወድቆ የተሰበረውን ክንዱን ማን እንዳሰረለት፣ ያን ቀን ምን እንዳበሉት ነገራቸው። ያን ጊዜ ነው እሪ ያሉት፤ ከዚያ ወደቁ። ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሱም። ከዚያ በኋላ አንድ እግራቸው ይጎተት ነበር።

በእኔ በኩል፣ መተግበሪያው ላይ መልሼ ስመዘገብ ያላስገባሁትን ሚስጥር ቁጥር ጠየቀኝ። ሌባው ቆልፎብኝ ነው የሄደው። ሰባት ቀን ጠብቅ ተባልኩ። ሰባት ቀን ሙሉ ጓደኛዬ በሕይወት አለ ብዬ እንኳ መጻፍ ሳልችል ቀረሁ፤ ሊቀመንበሩ ናቸው በድምፃቸው ቀርጸው ያስተላለፉልኝ። ኃላፊነቱን ልልቀቅ ስላቸው ተቆጡኝ። «የተነደፍከው አንተ ነህ። አሁን እባቡ የት እንደሚተኛ አስተምረን» አሉ።

አስተማርኩ። መንገድ ሲፈታ በታክሲ እየዞርኩ፣ ከሱቅ ሱቅ፣ ፍርግርግ ሥር ቆሜ። ስድስቱን አሃዝ ለሰውም ለገጽም አትስጡ። ሁለተኛ ሚስጥር ቁጥር ዛሬውኑ አስገቡ፤ የተወለዳችሁበትን ዓመት አታድርጉት። ነፃ ዋይፋይ ላይ ስልክ ቁጥራችሁንም የባንክ ነገርም አትንኩ፤ ለዳታ አትሳሱ፣ ከመደርደሪያችሁ አንሱ። ከስልካችሁ በድንገት ከወጣችሁ አትፈሩ፣ አትፍሩም፣ በዚያችው ደቂቃ ደውላችሁ ለሰው ንገሩ። ከሁሉም በላይ፦ መርዶ ቢመጣ፣ ከእኔ ስም እንኳ ቢመጣ፣ ደውላችሁ የሰውየውን ድምፅ ሳትሰሙ እንዳታምኑ።

አሌክሳንድራ ውስጥ አንድ ቀልደኛ ነጋዴ «ታዲያ የእውነት ከሞተ ማን ያነሳል?» አለኝ።

«ካላነሳ ያን ጊዜ እመን» አልኩት። ሳቅን።

ለእናቱም ራሴ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን እንዳልቀየሙኝ ነገሩኝ፤ ልጄን መልሰህልኛል አሉኝ። እንኳን ልመልስ፣ የወሰድኩባቸውም እኔው ነኝ። «እማማ» አልኳቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቢመጣ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ እሱ ራሱ በድምፁ ካላናገረዎት በቀር ምንም ነገር እንዳያምኑ። ይማሉልኝ።» ማሉልኝ።

ዓመት አለፈ። በሽታው ሄደ ሲባል ተመለሰ፣ ተመለሰ ሲባል ባሰ። የጻካኔው ጓደኛዬ ጉንፋን ነው እያለ አራት ቀን ዳቦ ሸጠ። በአምስተኛው ቀን ደርሼ ሳየው ከንፈሩ ጠቁሯል። መኪና ለምኜ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰድኩት። ከበሩ ወዲያ አላሳልፍ አሉኝ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲገፉት ዞር ብሎ «ዳታ ሙላልኝ» አለ። ቆሜ ሞላሁለት። ከራሴ መደርደሪያ ነው፤ የምሸጠው ሁሉ በዚያ ቀን ቢያልቅ ግድ አልነበረኝም።

ሦስት ቀን ተጻጻፍን። ኦክስጅን ሰጡኝ፣ ጎኔ ያለው ሰውዬ ሞተ፣ ሾርባው ጨው የለውም። በየቀኑ «እናትህን አናግር» እለዋለሁ። «ሳሌን ትሰማለች። ነገ ትንሽ ሲሻለኝ» ይላል። ለእናቱ ኔትወርክ የለም ብሎ ጽፎ፣ በጎረቤት ልጅ አስነብቦላቸዋል። ማታ ማታ ለምን እንደማይደውል የነገራቸው ይህንን ነው። በአራተኛው ቀን መልእክቴ ሳይነበብ ዋለ። በአምስተኛው ቀን የሆስፒታሉ ቁጥር ደወለልኝ።

ልብሱን፣ ጫማውንና ስልኩን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። የሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሜ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ከጽሑፉ በታች በድምፄም ተናገርኩ፦ እኔ ነኝ፣ ስልኬ አልተሰረቀም፣ የአሁኑ እውነት ነው። ማንንም አላስወጣሁም፤ ያ ደንብ ከቀረ ቆይቷል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከረጢቱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

ሰዎቻችን ያስተማርኳቸውን እያደረጉ ነበር። ድምፁን ለመስማት እየደወሉለት ነበር። አላነሳሁትም፤ ጮኾ ቆመ፤ ሌላ ሰው ደወለ። ካላነሳ እመን ብዬ ነበር፣ እነሱ ግን ማመን ስላልፈለጉ ደግመው ደጋግመው ይደውላሉ። መቃብር ቦታው ድረስ ጮኸ። ነጭ ፕላስቲክ የለበሱት ቀባሪዎች እሱን ሲያወርዱት ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ እያነሳሁ «እኔ ነኝ፣ እሱ የለም» ማለት ጀመርኩ። አንዱ ሌባ መስዬው ሰደበኝ። ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ሰው ዘንድ ጓደኛዬ ገና አልሞተም ነበር።

በነጋታው ማለዳ ሱቄን ከፍቼ ቆምኩ። ዳቦ የሚገዙ ሴቶች ፍርግርጉ ሥር ተሰልፈዋል። እዚያ አገር ቤት ሽማግሌዎቹ ያን ሰዓት ደርሰው እንደነበር አውቃለሁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ እናቱ በሩን ከፍተው ፊታቸውን ሲያዩ አልደነገጡም። «ባለፈውም እናንተው ነበራችሁ» ብለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ስልካቸውን ሊያመጡ ገቡ።

የጓደኛዬ ስልክ ሚዛኑ አጠገብ ነበር። ጮኸ። መስታወቱ ላይ «እማ» ይላል። አነሳሁት።

«ልጄ» አሉ።

ከፊቴ ያለችው ሴትዮ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ» አለችኝ። «ቆይ» አልኳት፤ እናቱ ድምፄን ሰሙ።

«አንተ ነህ?» አሉኝ። አወቁኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ እንዲያውም የተረጋጋ ነበር፣ ትምህርቱን በደንብ ያጠና ሰው ድምፅ። «እነዚህ ሰዎች ደግሞ መጥተዋል። እኔ አላመንኳቸውም። እንዳልከኝ አደረግኩ።»

«እማማ…»

«ድምፁን ሳይሰሙ እንዳያምኑ ብለህ አስምለኸኛል። አንተንም አላምንህም። ስልኩን ስጠው።»

የምሰጠው ሰው አልነበረኝም፤ ልዘጋባቸውም አልቻልኩም። ሴትዮዋ ዳቦዋን ትታ ሄደች። እናቱ እሱ እስኪመጣላቸው ጠበቁ፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ። ካርዳቸው አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅነው።